ዳርዊን ሁለት ጊዜ የሄደበት ሸለቆ

ቻርልስ ዳርዊን ሲነሳ የብዙዎች ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ስለ ሕያዋን ፍጥረታት አመጣጥ ወደ ጻፈውና ዓለምን ወዳነጋገረው መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ ሳይንቲስቱ በወጣትነቱ ራሱን ይቆጥር የነበረው፣ በሙያ ባልደረቦቹም ዘንድ በመጀመሪያ የታወቀው በሥነ-ምድር ተመራማሪነቱ ነበር። ቢግል በተሰኘችው መርከብ ባሳለፋቸው አምስት ዓመታት ገደማ ከጻፋቸው ማስታወሻዎች መካከል 1ሺህ 383 ገጾች ስለ ድንጋይና ስለ መሬት አቀማመጥ የሚያወሱ ሲሆኑ፣ ስለ እንስሳት የሚናገሩት ግን 368 ገጾች ብቻ ናቸው።

ዳርዊን ይህን ሙያ በተግባር የጀመረው በዌልስ ተራሮች ባደረገው የጥቂት ሳምንታት ጉዞ ነው። በጉዞው የድንጋይን አወቃቀር መለካትና በካርታ ላይ ማስፈር ተማረ። በዚያው ጉዞ ዓይኑ ሥር የነበረውን ትልቅ ነገር ሳያስተውል አለፈ። ያለፈውን ተመልሶ ለማየት 11 ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ስህተቱን በግልጽ ለመቀበል ደግሞ ከ20 ዓመታት በላይ አስፈልጎታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳርዊን ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 በምዕራብ እንግሊዝ፣ ከዌልስ ድንበር ብዙም በማትርቀው የሽሩስበሪ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሮበርት ዳርዊን በአካባቢው የተከበሩ ሐኪም ነበሩ። እናቱን ያጣው ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። በዚያች ከተማ ለሥነ-ምድር ያለውን ፍላጎት ቀድማ የቀሰቀሰች አንዲት ድንጋይ ነበረች። የከተማው ነዋሪዎች የደወል ድንጋይ እያሉ የሚጠሯት ይህች ቋጥኝ በአካባቢው ካሉት ድንጋዮች ጋር ፈጽሞ አትመሳሰልም፤ የእሷ ዓይነት ድንጋይ የሚገኘው በሰሜን እንግሊዝ ወይም በስኮትላንድ ነው። ስለ ድንጋይ ብዙ የሚያውቁ አንድ የአገሬው አዛውንት ቋጥኟ እንዴት እዚያ ልትደርስ እንደቻለች የሚያስረዳ ሰው ሳይገኝ የዓለም መጨረሻ እንደሚደርስ ለወጣቱ ነግረውት ነበር። ነገሩ ከአእምሮው አልወጣም። ኋላ ላይ ተንሳፋፊ የበረዶ ቋጥኞች ድንጋይ ተሸክመው ረጅም መንገድ እንደሚጓዙ ባነበበ ጊዜ ከፍ ያለ ደስታ የተሰማውም በዚህ ምክንያት ነበር። ይህ ደስታ ከጊዜ በኋላ ዋጋ እንዳስከፈለው ወደፊት ይታያል።

አባቱ እንደ እርሳቸው ሐኪም እንዲሆን በመፈለግ በ1825 ወደ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ላኩት። ዳርዊን የቀዶ ሕክምናን መመልከት አልቻለም። የሥነ-ምድር ትምህርትን ከፕሮፌሰር ሮበርት ጄምሰን ዘንድ ቢከታተልም ትምህርቱ እጅግ ስላሰለቸው ዳግመኛ የዚህን ሙያ መጽሐፍ ላለማንበብ ለራሱ ቃል እስከ መግባት ደርሶ ነበር። የሚገርመው ግን እኒሁ ፕሮፌሰር ጄምሰን ያዘጋጁት በነበረው የሳይንስ መጽሔት ላይ የኖርዌይ ተራሮች በጥንት ዘመን በግግር በረዶ ተሸፍነው እንደነበር የሚገልጸውን የየንስ ኤስማርክን ጥናት በእንግሊዝኛ ማሳተማቸው ነው። ወቅቱ ዳርዊን በዚያው ከተማ ተማሪ የነበረበት ጊዜ ነው። በኋለኞቹ ዓመታት የሚያስፈልገው ቁልፍ በአጠገቡ ነበር ማለት ይቻላል።

የሕክምና ትምህርቱ ሳይሳካ ሲቀር አባቱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዲሆን ወደ ካምብሪጅ አዘዋወሩት። በዚያም የዕጽዋት ሳይንስ መምህሩ ከነበሩት ከጆን ስቲቨንስ ሄንስሎ ጋር ጥብቅ ወዳጅነት መሠረተ። ሄንስሎ ቀደም ሲል የማዕድናት ሳይንስ ፕሮፌሰር የነበሩና የዌልስን የአንግልሲ ደሴት ድንጋዮች ያጠኑ ሰው በመሆናቸው፣ ዳርዊን በ1831 መጀመሪያ ላይ የመጨረሻ ፈተናውን እንዳለፈ ወደ ሥነ-ምድር እንዲመለስ መከሩት። ምክር ብቻ ሰጥተው አላቆሙም፤ የዩኒቨርሲቲው የሥነ-ምድር ፕሮፌሰር የነበሩት አዳም ሴጅዊክ በበጋው ወደ ሰሜን ዌልስ ሲጓዙ ወጣቱን ይዘውት እንዲሄዱ ጠየቁለት።

ዳርዊን ለጉዞው የተዘጋጀው በራሱ መንገድ ነው። በጁላይ ወር ክሊኖሜትር የተባለውንና የድንጋይ ንጣፎችን ዘንበላ የሚለካውን መሣሪያ ገዛ። ከዚያም በመኝታ ክፍሉ ያሉትን ጠረጴዛዎች በተለያየ አቅጣጫና ዘንበላ እያቆመ መለካት ጀመረ። ጠረጴዛዎቹን በሚገባ ከለካ በኋላ የትውልድ አካባቢውን የሽሮፕሺርን የሥነ-ምድር ካርታ ለመሥራት ሞከረ። ሥራው እንዳሰበው ቀላል አልሆነለትም።

ካርታ የመሥራቱ ጥበብ ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ ለመረዳት የሥራውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በባሕር ወለል ላይ የሚጠራቀም አሸዋና ጭቃ፣ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ አመድም እንደዚሁ፣ በመሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ በአግድም እየተነጠፈ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ የመሬት ቅርፊት ሲገፋና ሲጨመቅ ንጣፎቹ ያዘነብላሉ፤ ይታጠፋሉ፤ ይሰነጠቃሉ፤ አንዳንዴም ይገለበጣሉ። አብዛኛው ክፍላቸው በአፈርና በሣር የተሸፈነ ስለሆነ ለዓይን የሚታየው እዚህም እዚያም ብቅ ያለው ራቁት ድንጋይ ብቻ ነው። የካርታ ሠሪው ተግባር በእያንዳንዱ ብቅ ያለ ድንጋይ ላይ ቆሞ ንጣፉ ወደ የትኛው አቅጣጫና በስንት ዲግሪ እንደሚያዘነብል መለካት፣ የድንጋዩን ዓይነት መለየት፣ ናሙና መውሰድና ያገኘውን ሁሉ በካርታው ላይ በትክክለኛው ቦታ ማስፈር ነው። ቁጥሮቹ ሲበዙ ከመሬት በታች የተደበቀው ቅርጽ በወረቀት ላይ እየወጣ ይመጣል። አንድ የተሳሳተ ልኬት ደግሞ በሌለበት ቦታ ላይ እጥፋት ሊፈጥር ይችላል።

ዳርዊንን ሊያስተምሩ የተነሱት ሴጅዊክ ይህን ጥበብ የተማሩት ራሳቸውም በሥራ ላይ ነው። በ1818 የፕሮፌሰርነቱን ወንበር ሲይዙ ስለ ሙያው የነበራቸው ዕውቀት እጅግ አነስተኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ግን መዶሻቸውን ይዘው በእግርና በፈረስ እንግሊዝን አካልለው ከአገሪቱ ግንባር ቀደም የሥነ-ምድር ሊቃውንት አንዱ ለመሆን በቅተዋል። በ1831 ዓላማቸው ያደረጉት በዌልስ ተራሮች የሚገኙትንና ማንም በቅደም ተከተል ያላስቀመጣቸውን እጅግ ጥንታዊ ድንጋዮች መመርመር ነበር። ይህ ሥራቸው ከአራት ዓመታት በኋላ ካምብሪያን የሚለውን ስያሜ ለሳይንስ አበርክቷል።

ፕሮፌሰሩ በኦገስት መጀመሪያ ላይ በዳርዊን አባት ቤት አርፈው ነበር። ዳርዊን በዚያን ምሽት አንድ ታሪክ አጫወታቸው። በከተማው አቅራቢያ ጠጠር የሚያወጣ ሠራተኛ በሞቃት ባሕሮች ብቻ የሚገኝ የትልቅ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ከጉድጓዱ ውስጥ እንዳገኘ ነግሮት ነበር። ወጣቱ እንግዳው በግኝቱ እንደሚደሰቱ ጠብቆ ነበር። ሴጅዊክ ግን ቅርፊቱን አንድ ሰው ጥሎት መሆን እንዳለበት ወዲያው ተናገሩ፤ በእርግጥ ከጠጠሩ ጋር የነበረ ቢሆን ኖሮ ስለ አካባቢው የላይኛው አፈርና ጠጠር የሚታወቀውን ሁሉ እንደሚያፈርስና ይህም ለሙያው ትልቅ ጉዳት እንደሚሆን አስረዱት። ሳይንስ የነጠላ አስገራሚ ነገሮች ስብስብ ሳይሆን ብዙ መረጃዎች አንድ ላይ ተቀናጅተው ሕግ የሚወጣባቸው ሥራ መሆኑን ዳርዊን የተገነዘበው በዚያች ምሽት እንደሆነ ኋላ ላይ አስታውሷል። ያ የጠጠር ክምችት የበረዶ ዘመን ትራፊ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲሆን፣ ዳርዊን ራሱም በጠጠሩ ውስጥ የቀዝቃዛ ባሕር ዛጎሎችን ስባሪ አግኝቷል።

ኦገስት 5 ቀን መምህርና ተማሪ ጉዞ ጀመሩ። በላንጎለንና በሩቲን አድርገው ወደ ሰሜኑ የባሕር ዳርቻ፣ ከዚያም ወደ ተራራማው አካባቢ አመሩ። ሴጅዊክ የተጠቀሙበት የማስተማሪያ ዘዴ ቀላልና ጠንካራ ነበር። ዳርዊንን ከራሳቸው መንገድ ጎን ለጎን በሚሄድ ሌላ መስመር ብቻውን ይልኩታል፤ እርሱም የድንጋይ ናሙና ይሰበስባል፣ የንጣፎቹን ዘንበላ በካርታ ላይ ያሰፍራል፤ ሲገናኙ ውጤቱን ያነጻጽራሉ። ዳርዊን ከጊዜ በኋላ እንደጻፈው ፕሮፌሰሩ ይህን ያደረጉት እርሱ እንዲማር ብለው እንጂ የእርሱ እገዛ አስፈልጓቸው አልነበረም።

ከእነዚህ የብቻ ጉዞዎች አንዱ ግን ለመምህሩም የሚጠቅም ውጤት አስገኝቷል። በጊዜው የእንግሊዝና የዌልስ ዋነኛ የሥነ-ምድር ካርታዎች የዊልያም ስሚዝ የ1815 ካርታና የጆርጅ ግሪኖ የ1820 ካርታ ነበሩ። የግሪኖ ካርታ በክሉዊድ ሸለቆ ዳርቻ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ከኖራ ድንጋዩ ሥር ተዘርግቶ እንደሚገኝ ያሳያል። ዳርዊን መስመሩን ተከትሎ ቢሄድም የተባለውን ድንጋይ ሊያገኝ አልቻለም። ወጣቱ ጀማሪ የታተመ ካርታ ስህተት መሆኑን ለታላቁ ሊቅ መናገር ነበረበት። ሴጅዊክ ከራሳቸው ምልከታ ጋር አመሳክረው ተቀበሉት። ዳርዊን በራሱ ዓይን ላይ መተማመን የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ከዚያም ኩም ኢድዋል ወደተባለው ሸለቆ ደረሱ። ቦታው በስኖዶኒያ ተራሮች ውስጥ የሚገኝ፣ በሦስት ወገን በገደል የተከበበ፣ በመካከሉ ትንሽ ሐይቅ ያለበት ጎድጓዳ ሥፍራ ነው። በሐይቁ ራስጌ ያለው ገደል በአውሮፓ ከሚታወቁ የድንጋይ እጥፋቶች አንዱን ይዟል፤ ከ450 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በባሕርና በእሳተ ገሞራ የተነጠፉት ድንጋዮች እንደ ገበታ ወደ ታች ጎድጉደው ይታያሉ። ሁለቱ ሰዎች የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካል ለማግኘት ድንጋዩን በመዶሻ እየሰበሩ ለረጅም ሰዓታት በከፍተኛ ጥንቃቄ መረመሩት።

በዚያኑ ሰዓት በዙሪያቸው የነበረው ሌላ ነገር ነበር። የቆሙበት ራቁት ድንጋይ በአንድ ወገን የለሰለሰና በአንድ አቅጣጫ በተጫሩ መስመሮች የተሞላ ነበር። በአለቱ ላይ ማንም ያላስቀመጣቸው ትላልቅ ቋጥኞች ተቀምጠዋል። በሐይቁ ዳርና አፍ ላይ አፈርና ድንጋይ የተቀላቀለባቸው ኮረብቶች ተደርድረዋል። እነዚህ ሁሉ ተራራ የሚያህል ግግር በረዶ በሸለቆው ውስጥ ቀስ እያለ ሲንሸራተት አለቱን እንደ ሞረድ ፍቆ፣ ድንጋይ ጭኖ፣ ሲቀልጥም የጫነውን አራግፎ የሄደባቸው ምልክቶች ናቸው። የድንጋዮቹን ክምር ሊቃውንት ሞሬን ይሉታል። ዳርዊንም ሆነ ሴጅዊክ ከእነዚህ አንዱንም አላስተዋሉም። በእሳት የወደመ ቤት እንኳ የደረሰበትን አደጋ ያ ሸለቆ ታሪኩን ከሚናገረው በላይ በግልጽ እንደማይናገር ዳርዊን በእርጅናው ዘመን በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ላይ አስፍሯል።

ለዚህ ሁለቱን መውቀስ አይቻልም። የበረዶ ዘመን የሚለው ሐሳብ በወቅቱ በኖርዌይና በስዊዘርላንድ ካሉ ጥቂት ሰዎች በቀር ተከታይ አልነበረውም። በእንግሊዝ የተለመደው እምነት እንዲህ ያሉ ቋጥኞችን ታላቅ የውኃ ማዕበል እንዳመጣቸው ነበር። ሁለቱ ሰዎች ወደ ሸለቆው የገቡት ንጣፍ፣ ዘንበላና ቅሪተ አካል ለመፈለግ ነው፤ ያገኙትም የፈለጉትን ነው።

ዳርዊን በካፔል ኪሪግ ከመምህሩ ተለይቶ በኮምፓስና በካርታ እየተመራ፣ መንገድ ሳይከተል ተራሮቹን በቀጥታ አቋርጦ ወደ ባርማውዝ እንደተጓዘ ጽፏል። ኦገስት 29 ቀን ቤቱ ሲደርስ ከሄንስሎ የተላከ ደብዳቤ ጠበቀው። ካፒቴን ሮበርት ፊትዝሮይ ለሚመሯትና ደቡብ አሜሪካን ለመቃኘት ለምትነሳው ቢግል መርከብ የተፈጥሮ ተመራማሪ እየተፈለገ ነበር። አባቱ በመጀመሪያ ቢቃወሙም አጎቱ ጆሳያ ዌጅውድ አሳመኗቸው። መርከቧ ዲሴምበር 27 ቀን 1831 መልሕቋን ስታነሳ ዳርዊን በሥነ-ምድር የመስክ ሥራ የነበረው ልምድ የአንድ በጋ ብቻ ነበር።

ልምዱ ግን በቂ ሆኖ ተገኘ። በኬፕ ቨርዴ ሳንቲያጎ ደሴት በባሕር ዳር ገደል ላይ በአግድም የተዘረጋ ነጭ የዛጎል ንጣፍ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሥር አይቶ ደሴቲቱ ከባሕር ከፍ እያለች እንደመጣች ተረዳ፤ ስለጎበኛቸው አገሮች ሥነ-ምድር መጽሐፍ ሊጽፍ እንደሚችል ያሰበውም በዚያ ነው። በቲየራ ዴል ፉዌጎ ድንጋዮቹ የሚሰነጠቁበትን አቅጣጫ ለብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ተከታትሎ መዘገበ። በ1835 የአንዲስን ሰንሰለታማ ተራሮች አቋርጦ የንጣፎቻቸውን ቅደም ተከተል በሥዕል አሰፈረ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 20 ቀን ቺሊን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የባሕር ዳርቻውን በአንዳንድ ሥፍራ ከ2 ሜትር በላይ ከፍ እንዳደረገው ተመለከተ። ምድር ከባሕር ውስጥ ቀስ በቀስ እንደምትነሳ ያስተማሩትን የቻርልስ ላየልን መጽሐፍ ይዞ ይጓዝ ስለነበር ያየው ሁሉ ይህንኑ የሚያረጋግጥ መሰለው።

ሕያው ግግር በረዶንም በቅርብ አይቷል። በጃንዋሪ 1833 በቢግል ሰርጥ ዳርቻ ከግግሩ የተገነጠለ ግዙፍ በረዶ ባሕር ውስጥ ወድቆ ታላቅ ሞገድ አስነሳ። ዳርዊንና ጥቂት መርከበኞች ሮጠው ጀልባዎቹን ባይዙ ኖሮ መላው ጓድ በዚያ ሰው በሌለበት ዳርቻ በቀረ ነበር። ካፒቴኑ በአቅራቢያው ያለውን የባሕር ክፍል በዳርዊን ስም ሰየሙት። ወጣቱ ከዚህ ትዕይንት የወሰደው ትምህርት ግን ከባሕር ጋር የተያያዘ ነበር፤ በረዶ እየተገነጠለ ይንሳፈፋል፣ ቋጥኝም ተሸክሞ ሩቅ ቦታ ይጥላል። የሽሩስበሪዋ የደወል ድንጋይ እንቆቅልሽ በዚህ የተፈታ መሰለው።

ኦክቶበር 2 ቀን 1836 ወደ አገሩ ሲመለስ ስሙ ቀድሞት ደርሶ ነበር። የለንደን የሥነ-ምድር ማኅበር በ1838 ጸሐፊው አድርጎ መረጠው። በዚያው ዓመት ጁን ወር ወደ ስኮትላንድ ተጉዞ ግሌን ሮይ በተባለው ሸለቆ ስምንት ቀናት ያህል ሠራ። በሸለቆው ግራና ቀኝ ተዳፋቶች ላይ በ260፣ በ325 እና በ350 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ እንደ መንገድ ደልደል ብለው የተዘረጉ ሦስት ትይዩ መስመሮች ይታያሉ። የአገሬው አፈ ታሪክ የጥንት ጀግኖች የአደን መንገዶች ናቸው ይላል። ዳርዊን በቺሊ ያየው የባሕር ዳርቻ እርከን ትዝ አለውና መስመሮቹ ስኮትላንድ ከባሕር እየወጣች በነበረበት ጊዜ የቀሩ የባሕር ዳርቻዎች ናቸው ሲል ደመደመ። የሐይቅ ዳርቻ እንዳይላቸው ውኃውን ያገደ ግድብ በቦታው አልነበረም። የባሕር ዛጎልም በቦታው አልተገኘም፤ እርሱ ግን ዛጎሎቹ በጊዜ ብዛት ጠፍተው ይሆናል ብሎ አለፈው። ጥናቱ በ1839 በአገሪቱ ታላቅ የሳይንስ መጽሔት ላይ ታትሞ ወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት ስዊዘርላንዳዊው ሉዊ አጋሲ ወደ ስኮትላንድ መጣ። አጋሲ የአውሮፓ ሰፊ ክፍል በአንድ ዘመን በበረዶ ተሸፍኖ እንደነበር በ1837 በይፋ የተናገረ ሰው ነው። ግሌን ሮይን እንዳየ መስመሮቹ የሐይቅ ዳርቻዎች መሆናቸውን፣ ሐይቁን ያገደውም ኋላ ላይ ቀልጦ የጠፋ ግግር በረዶ መሆኑን ገለጸ። ዳርዊን በሸለቆው ያጣው ግድብ ይህ ነበር። ሐሳቡን ግን ወዲያው አልተቀበለም፤ የታተመ ጥናቱን ለመተው አልፈቀደም።

ወደ ዌልስ እንዲመለስ ያደረገው አጋሲን ወደ ስኮትላንድ ያመጡት የኦክስፎርዱ ዊልያም በክላንድ ናቸው። በክላንድ በ1841 መጨረሻ በስኖዶኒያ የግግር በረዶ ምልክቶች መኖራቸውን ለማኅበሩ አቀረቡ። ዳርዊን ይህን ሲሰማ ራሱ ለማየት ወሰነ። በጁን 1842 ዕድሜው ገና 33 ቢሆንም ጤናው ክፉኛ ተጓድሎ ነበር። ለአሥር ቀናት በካፔል ኪሪግ፣ በባንጎርና በካርናርቮን አካባቢ ተዘዋውሮ የቀድሞውን ሸለቆ ዳግመኛ ረገጠ።

በዚህ ጊዜ ሁሉም ነገር በግልጽ ታየው። የተፋቀው አለት፣ በአንድ አቅጣጫ የተጫሩት መስመሮች፣ በሐይቁ ዳር የተከመሩት ሞሬኖች፣ ከበረዶው ላይ ወድቀው የተሰነጠቁት ቋጥኞች አንድ በአንድ በማስታወሻው ላይ ሰፈሩ። ባረፈበት የእንግዳ ማረፊያ ሆኖ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ያ ቤት የቆመበት ቦታ በአንድ ወቅት ከ240 እስከ 300 ሜትር ውፍረት ባለው በረዶ ሥር እንደነበር ገልጿል። ከ11 ዓመታት በፊት በዚያው ሸለቆ አንድ ሙሉ ቀን ሲያሳልፍ ያየው ውኃና ራቁት ድንጋይ ብቻ እንደነበርም አልደበቀም። ግግር በረዶው እስከዚያ ቀን ሳይቀልጥ ቢቆይ ኖሮ ምልክቶቹ የዚያን ያህል ጎልተው ባልታዩ ነበር የሚል ግንዛቤም ነበረው፤ በረዶው የራሱን ሥራ ይሸፍነዋልና።

ጥናቱን በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አሳተመ። ዳርዊን ግን የቀድሞ ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ አልጣለም። ሞኤል ትሪቫን በተባለው ኮረብታ አናት፣ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙትን የባሕር ዛጎሎች ሲያይ መሬቱ ያን ያህል ጥልቀት በባሕር ተውጦ እንደነበርና ተንሳፋፊ በረዶም በላዩ ይመላለስ እንደነበር ጻፈ። ዛሬ የሚታወቀው ዛጎሎቹን ግዙፍ ግግር በረዶ ከአይሪሽ ባሕር ወለል ጠርጎ ሽቅብ እንዳወጣቸው ነው። ያ ጉዞ ዳርዊን ተራራ ለመውጣትና ረጅም መንገድ በእግር ለመሄድ ጉልበት የነበረው የመጨረሻው ጊዜ ሆነ። በዚያው ሰሞን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ያሰበውን በ35 ገጽ ያህል ለመጀመሪያ ጊዜ በእርሳስ አሰፈረ። በሴፕቴምበር ወር ቤተሰቡን ይዞ ዳውን ወደተባለች መንደር ገባ፤ ቀሪ ሕይወቱንም በዚያ አሳለፈ።

የግሌን ሮይ ጉዳይ ግን እልባት አላገኘም። በ1861 ቶማስ ጄሚሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ተመራማሪ ሸለቆውን እንደገና መርምሮ ግግር በረዶው ከየት በኩል ገብቶ ውኃውን እንዳገደ፣ የእያንዳንዱ መስመር ከፍታም ሐይቁ ሞልቶ ይፈስበት ከነበረው የተራራ በር ከፍታ ጋር እንደሚገጥም አሳየ። ዳርዊን መረጃው ሲደርሰው አልተከራከረም። ጥናቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ረጅም ስህተት እንደነበር ለላየል ጻፈላቸው። የስህተቱን ምንጭም ራሱ ለይቶታል፤ ከሚያውቃቸው አማራጮች ሁሉንም ሰርዞ የቀረውን አንዱን እውነት ብሎ መያዙ ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ሌላ አማራጭ ሊኖር እንደሚችል አላሰበም። በ1859 የታተመው ታላቁ መጽሐፉ ትችት ይወርድበት በነበረበት በዚያ ወቅት ይህን ማመኑ ለተቃዋሚዎቹ መሣሪያ ሊሆን ይችል ነበር።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ለበረዶ ዘመን የተሰጠው ቦታ ለኢትዮጵያ አንባቢ የተለየ ትርጉም አለው። ዳርዊን በኢትዮጵያ ምድር አልደረሰም። ሆኖም በአቢሲኒያ ተራሮች ላይ የአውሮፓን ዕጽዋት የሚመስሉ ዝርያዎች፣ ከደቡብ አፍሪካው ኬፕ ዕጽዋት ጋር የሚዛመዱም ጥቂቶች መገኘታቸውን በመጽሐፉ ጠቅሷል። ምክንያቱን ሲያስረዳ ዓለም በቀዘቀዘችበት ዘመን የቀዝቃዛ አገር ዕጽዋት በቆላው በኩል ተስፋፉ፤ ሙቀቱ ሲመለስ ወደ ተራሮቹ ወጥተው እንደ ደሴት ተነጥለው ቀሩ ይላል። የዛሬ ተመራማሪዎች ዘር በነፋስና በአዕዋፍ እንደሚጓዝም ያክሉበታል። በባሌ ተራሮች፣ በሳነቴ አምባ ዙሪያ፣ በጥንት ዘመን ግግር በረዶ እንደነበረ በመስክ ጥናት የተረጋገጠ ሲሆን፣ የማስረጃው ዓይነትም ዳርዊን በዌልስ ከመዘገበው ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ሞሬንና ከቦታው የራቀ ቋጥኝ።

ሴጅዊክ የቀድሞ ተማሪያቸውን መጽሐፍ ያነበቡት በሐዘን ነበር። ቄስም ስለነበሩ ንድፈ ሐሳቡን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ወዳጅነታቸው ግን አልተቋረጠም። በሜይ 1870 ዳርዊን ወደ ካምብሪጅ ሄዶ ሲጎበኛቸው የ85 ዓመት አዛውንት ነበሩ። በደስታ ተቀብለው ካጫወቱት በኋላ የድንጋይ ናሙናዎቹ ወደሚገኙበት ሙዚየም ይዘውት ሄዱ። ዳርዊን እምቢ ለማለት አፈረ፤ ከናሙና ወደ ናሙና ሲያዞሩት ቆይተው ለብዙ ሰዓት መቆም እስኪያቅተው አደከሙት። በ24 ዓመት በሚበልጡት አዛውንት መሸነፉን በቀልድ መልክ ለወዳጁ ጽፏል። ሴጅዊክ በ1873 አረፉ። ዳርዊን ኤፕሪል 19 ቀን 1882 በዳውን ቤቱ አርፎ በለንደን ዌስትሚንስተር አቢ ተቀበረ።

የደወል ድንጋይዋ ዛሬም በሽሩስበሪ ከተማ ትገኛለች። ኩም ኢድዋል በ1954 የዌልስ የመጀመሪያው ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። የሥነ-ምድር ተማሪዎች መዶሻቸውን ቦርሳ ውስጥ አስቀምጠው፣ ኮምፓስና ክሊኖሜትር ይዘው የገደሉን እጥፋት ይለካሉ፤ ከዚያም ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው ከ11ሺህ 500 ዓመታት ገደማ በፊት የቀለጠው የመጨረሻው ግግር በረዶ የተዋቸውን ሞሬኖች በዚያው ካርታ ላይ ያሰፍራሉ።